መቀመጥ ክልክል ነው

መኪናዋ ገና ከመርሳ ወጥታ የግራናን መንገድ ሳትይዝ፣ ዙልፋ ሽርሽሩ ሽርሽር እንዳልሆነ ገባት።

አባቷ ሐጂ አብዱልሐሊም መኪና ተቸግረው አያውቁም። ማንጎና ብርቱካን የሚጭኑ ሁለት አይሱዙዎች በራቸው ላይ ቆመው ነው የሚያድሩት። ዛሬ ግን «የቃዲው ቤት ታድሶ ተከፍቷል፤ ልጆቹ የአያቶቻቸውን ቤት ይዩ» ብለው ቤተሰቡን ሲያንቀሳቅሱ፣ ከሐራ ድረስ የሰው መኪና አስመጡ። ባለመኪናው ኡበይደላ ይባላል። ሐራ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ አባቱም አጎቱም ነጋዴዎች ናቸው። የለበሰው ሸሚዝ ከካርቶኑ የወጣው ዛሬ ጠዋት እንደሆነ እጥፋቱ ይናገራል። በመስታወቱ ዙልፋን ያያታል፤ ስታየው መንገዱን ያያል።

«ሥራ እንዴት ነው፣ ኢንጂነር?» አላት።

«አለ።»

«መንገድ ነው አይደል የምትሠሩት?»

«እኛ የምንሠራው ጥናቱን ነው። መንገዱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ኡበይደላ። ምኑ ልክ እንደሆነ ለራሱም የገባው አይመስልም።

ዙልፋ ወደ ጎኗ ዞረች። ታላቅ እህቷ ሀስና የአራት ዓመቱን ናስርን ታቅፋ፣ የሰባት ዓመቷን ኢሕሳንን በጉልበቷ መሀል አቁማ ተቀምጣለች። በወዲያኛው መስኮት በኩል የሐጂ እናት እማማ ቡርቱካን አንገታቸውን ደፍተው ያንጎላጃሉ።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት ዙልፋ፣ በሹክሹክታ።

ሀስና የናስርን ጫማ ማሰር ጀመረች። ጫማው ማሰሪያ የሌለው ነበር።

ዙልፋ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ወልድያ ቤት ተከራይታ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድ መርሳ ትመጣለች። በአባቷ መናደድ ነበረባት፤ ይህን ታውቃለች። ግን የተናደደችው በሌላ ሰው ነው። ከሦስት ወር በፊት «ሐሙስ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ሳይልክ በቀረው ሰው። እሱ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እሷ በኡበይደላ መስታወት ውስጥ ባልተቀመጠች ነበር።

ሂሻም ግንበኛ ነው። የተዋወቁት ውርጌሳ አጠገብ፣ የመንገድ መደገፊያ ግንብ ሲሠራ ነው። እሷ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም፤ የግንቡን ሥዕል ዘርግታ ታዝዛለች። እሱ ድንጋይ እንደያዘ ሥዕሉን አየና «ኢንጂነር፣ ከጀርባ የሚመጣው ውሃ በየት ይውጣ?» አላት። ተቆጣችው። በማግሥቱ ስሌቷን ስታገላብጥ እሱ ልክ ሆኖ አገኘችው፤ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። ልቧን የወሰደው ይቅርታ መጠየቋ ይሁን፣ ይቅርታውን ሲሰማ የሳቀው ሳቅ፣ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

የሂሻም እናት ሸክላ ሠሪ ናት። አያቱ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። አገሩ በሠሩት ማረሻ ያርሳል፣ በሠሩት ድስት ይበላል፤ ልጁን ግን አይሰጣቸውም። ይህን ሁለቱም እያወቁ ነው የተዋደዱት። «ሽማግሌ ልላክ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ማለታቸውን በጆሮዬ ልስማው» አላት ሂሻም። ሐሙስ ተባለ። ዙልፋ ፈቃድ ልትወስድ ስትል መሥሪያ ቤቷ ለመስክ ሥራ ወደ ሐራ ላካት። ዓርብ ማታ መርሳ ደርሳ «ትናንት ማን መጣ?» ስትል አባቷ «ማንም» አሏት።

እሷም ጻፈችለት። አጭር ነበር። «ከአንተ አልጠበቅሁም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አትደውልልኝ።»

አልደወለም። ሰው እንዲህም ታዛዥ ይሆናል?

ማንጎዎቹ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ሮጡ። ሦስት ወር ሙሉ ንዴቷን እንደ ጨቅላ ስታጠባው ኖራለች። አድጎላታል። ክብደቱን በደረቷ ላይ ይዛ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት አየችው።

*

በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ሐጂን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«አስጎብኚ አለላችሁ። ቤቱን ያደሰው ራሱ ነው፤ ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«የኛው ቤት ነው፤ ራሳችን እናየዋለን» አሉ ሐጂ።

«ያለ አስጎብኚ አይገባም ሐጂ። ደንብ ነው።» ዞሮ ወደ ጣሪያው ጮኸ። «ሂሻም! እንግዳ!»

ሰውየው ከመሰላሉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ወረደ። ዙልፋ ጀርባውን ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። እጁ እስከ ክርኑ ኖራ ነክቶታል። ሲዞር መጀመሪያ ያያቸው ሐጂን ነው፤ ቀጥሎ እሷን። ዓይኑ እሷ ላይ የቆየው ሰው ትኩስ ነገር በስሕተት ነክቶ እጁን እስኪያነሣ ያህል ብቻ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። በዚህ በኩል ግቡ። በሩ ዝቅ ይላል፣ ጭንቅላታችሁን…»

ኡበይደላ ገጨ።

«ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» አለ ግንባሩን ይዞ። ናስር ሳቀ፤ ሀስና ቆነጠጠችው፤ ከዚያ ራሷ ሳቀች።

በበሩ ራስ ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል። «ይህን ቤት ቃዲ ኢሳቅ አሠሩት» ይላል። ሐጂ ልጆቹን በትከሻቸው ይዘው ከሰሌዳው ሥር አቆሟቸው። «ይኸውላችሁ። የእማማ ቡርቱካን አያት። አገር የሚዳኙ ሰው ነበሩ።»

«የት አሉ?» አለ ናስር።

«ሞተዋል።»

«ማን ገደላቸው?»

«እርጅና» አሉ እማማ ቡርቱካን በከዘራቸው ደፉን እየነካኩ። «እኔንም ሊገድለኝ ነው፤ መንገድ ልቀቅልኝ።»

ዙልፋ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ አንብባ ዝም ማለት አልቻለችም። «ያሠሩት ቃዲው ናቸው። ማን ሠራው?»

ሂሻም ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የመለሰው። «የሠሩት አልተጻፉም። የእናቴ አያት ነበሩ ዋናው ግንበኛ። በየሦስት ክንዱ በድንጋዩ መሀል የወይራ እንጨት አስገብተዋል፤ መሬት ቢንቀጠቀጥ ግድግዳው አብሮ እንዲወዛወዝ እንጂ እንዳይሰነጠቅ። ኢንጂነር ነዎት አሉ፤ እርስዎ ይረዱታል።»

እርስዎ። ከውርጌሳ ግንብ ሥር፣ በአንድ ኩባያ ውሃ የጠጡ ሁለት ሰዎች! በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«ግንበኞቹስ እዚህ ይኖሩ ነበር?» አለች፣ ድምፅዋን አጥብቃ።

«የለም። ሥራው አልቆ ቁልፍ ካስረከቡ በኋላ ይህን ደፍ አልፈው አያውቁም። ሊጠግኑ ሲመጡ ምሳቸው የሚወጣላቸው እዚያ አጥሩ ሥር ነበር።»

«ያኔ እንዲያ ነበር» አሉ ሐጂ።

«ነበር» አለ ሂሻም። «ደረጃው አሥራ አራት ነው። ልጆቹን እጃቸውን ያዙ።»

ወደ ላይ ወጡ። ናስር ደረጃውን ሲቆጥር ዘጠኝን ሁለት ጊዜ ጠራት። ላይኛው ክፍል ሰፊና ቀዝቃዛ ነው፤ በመስኮቱ የግራና ሜዳ ይታያል። መሀሉ ላይ፣ በገመድ ታጥሮ፣ ጀርባው የተቀረጸ ጥቁር ወንበር ቆሟል። ቃዲው የሚፈርዱበት ወንበር ነው። ገመዱ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል።

ኢሕሳን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ማንበብ ከጀመረች ወር አልሆናትም፤ ከሳሙና ካርቶን እስከ አይሱዙ በር ያላነበበችው የለም። ገመዱን ተደግፋ ጣቷን ቀሰረች።

«መ…ቀ…መጥ። ክል…ክል። ነው! መቀመጥ ክልክል ነው!»

«ማሻአላህ!» አለ ኡበይደላ። ሀስና አጨበጨበች። ሐጂ ራሷን ዳሰሷት። ኢሕሳን ግን አልሳቀችም፤ ካርቶኑን ደግማ አየችውና ቀና ብላ አያቷን ጠየቀች።

«አባባ፣ በኛ ግቢም እንደዚህ ተጽፎ ነበር እንዴ?»

«ምን ተጽፎ?»

«መቀመጥ ክልክል ነው ተብሎ። እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች እኮ ወንበር እያለ አልተቀመጡም።»

«ኢሕሳን» አለች እናቷ።

«አንዱ እግራቸውን ያማቸዋል። እኔ በርጩማ ሳመጣላቸው ‹አያትሽ ካላሉ አልቀመጥም፣ ልጄ› አሉኝ። እስኪመሽ ቆሙ። አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።» ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። «ያኔ ማንበብ ስለማልችል ነው ጽሑፉን ያላየሁት፣ አይደል?»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ለማን እንደቆሙ፣ ለምን እንዳልተቀመጡ ያውቃል። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ «ጉዳያችሁ ይሰማል» ሳይባል አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ካለም ሊሰማ ፈቅዷል ማለት ነው፤ ቃሉን አይበላም። እምቢ የሚልም ቢሆን አስቀምጦ፣ ሰምቶ ነው እምቢ የሚለው። አቁሞ ማምሸት እምቢታ አይደለም። ሰው አይደላችሁም ማለት ነው።

ዙልፋ ወደ ሂሻም ዞረች። እሱ ቀድሞ ያያት ነበር። የኖራው ትቢያ ከሽፋሽፍቱ ላይ አልወረደም፤ ከሥሩ ያለው ዓይን ግን አሁን የማታውቀው ሰው ዓይን አልነበረም።

«አታውቂም ነበር?» አላት። እርስዎ የለ፣ ምን የለ።

«ማንም አልመጣም ተባልሁ።»

«አያቴ፣ ጋሽ ሞገስና ሼኹ። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ። አያቴ ከዚያ በኋላ ሳምንት አልተነሡም። በማግሥቱ መልእክትሽ መጣ። ቤተሰብሽ የጀመረውን አንቺ የጨረስሽው መሰለኝ።»

«እኔ እኮ የጻፍሁልህ…» አለች።

«ልጆቹ ርቧቸዋል» አሉ ሐጂ። «ምሳ ይውጣ።» ቀድመው ወደ ደረጃው ሄዱ፤ ማንንም አላዩም።

ዙልፋ ከወንበሩ አጠገብ ቀረች። ሦስት ወር ያሳደገችው ንዴት ለካ የሌላ ሰው ልጅ ነበር። አሁን አባቱን አወቀችው።

*

ከቤቱ ፊት ለፊት ትልቅ ዋርካ አለ። ሀስና ከሥሩ ምንጣፍ አነጠፈች። ሳምቡሳው፣ ሩዙ፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ የሻይ ፔርሙዙ ወጣ፤ ሐጂ ከራሳቸው ማሳ ያስመጡትን ብርቱካን መሀል ላይ ደረደሩት። እማማ ቡርቱካንን በግንዱ አስደግፈው አስቀመጧቸው። ልጆቹ ተቀመጡ። ኡበይደላ ለዙልፋ ቦታ ለቆ፣ አጠገቡ ያለውን የምንጣፍ ጫፍ በእጁ አራግፎ ተቀመጠ።

ዙልፋ አልተቀመጠችም።

«ነይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት ሀስና ቀና ሳትል።

«አልቀመጥም። ጉዳይ አለኝ።»

ሐጂ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ጉዳይ አለኝ፣ አባቴ። ልጅዎን ዙልፋን ለሂሻም ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እሰማለሁ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

«አበድሽ እንዴ? ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ትሆናለች?»

«ወንዶቹማ መጥተው ነበር። ሦስት ነበሩ። አንዱ እግራቸውን ያማቸዋል።»

«በሰው ፊት!» አሉ ሐጂ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ሰውን ያመጡት አንቱ ነዎት። እኔ ሹፌር ይሁን ባል ሳይነገረኝ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት።»

ኡበይደላ ሳምቡሳውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰ። «ሐጂ፣ እኔ ጎማዋን ልያት መሰለኝ…»

«ተቀመጥ!»

ተቀመጠ።

«ለሱ ሲሆን ቃሉ አይከብድም» አለች ዙልፋ።

የሐጂ ፊት ጠቆረ። «አንቺም ተቀመ…» ብለው አፋቸው ላይ ያዙት።

«ይጨርሱት» አለች። «እሰማለሁ ማለትዎ ከሆነ ይጨርሱት።»

አልጨረሱትም። ከቤቱ በኩል ሂሻም መጥቶ ከምንጣፉ አሥር ርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ትኬት ቆራጩ ሰውዬም ወንበሩን ወደዚህ አዙሮታል፤ ይህንንስ ደንቡ አልከለከለም መሰለኝ የሚል ፊት ነበረው።

«ዙልፋ» አለ ሂሻም። «ስለኔ ብለሽ ከአባትሽ አትጣዪ።»

«ስለ አንተ ማን አለህ? ስለ ራሴ ነው። ደግሞ አንተ አንድ መልእክት አንብበህ ሦስት ወር የጠፋህ ሰው፣ ምክር አትስጠኝ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ቁም።»

ቆመ። በከንፈሩ ጥግ ሳቅ የመሰለ ነገር ሲያልፍ አየች። ያ የውርጌሳው ሳቅ ነበር። ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች።

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቁጣው ሲያልቅባቸው እንዲህ ነው የሚናገሩት። «ልጄ፣ ሰው ምን ይለናል? ገበያ ላይ በምን ዓይኔ እቆማለሁ? የቃዲ ኢሳቅ ልጅ ለሸክላ ሠሪ ሄደች ሲባል፣ የነዚህን ሕፃናት ስም ማን ይጠራል?»

«ልጆቹን ዛሬ ለምን አመጧቸው?» አለች ዙልፋ። «ቤቱን አይተው እንዲኮሩ አይደል? ግድግዳውን ሲዳስሱ አይቼዎታለሁ። መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ ነው፤ እኔ ተምሬ እንዲህ ያለ አልሠራሁም። ያን የሠሩ ሰዎች በርዎ ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲቆሙ ግን፣ አንቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማንም አልመጣም አሉኝ። እኔንስ ተዉት። ከሐጅ የመጣ ሰው ነው ወይ ይህን የሚያደርገው? ወላሂ፣ ከዚህ ሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

ሐጂ ቢላዋውን አስቀመጡ። ብርቱካኑን ያያሉ። የአክስቷ መቆም ለኢሕሳን የጨዋታ ደንብ መሰላት፤ ተነሣች።

«እኔም አልቀመጥም! እኔም ጉዳይ አለኝ!»

«እኔም!» አለ ናስር፣ በሁለት እጁ ሳምቡሳ ይዞ እየተነሣ።

«አንተ ደግሞ ምን ጉዳይ አለህ?» አሉት ሐጂ፣ ሳያስቡት።

«ለስላሳ።»

ትኬት ቆራጩ ሳቀና አፉን ያዘ። ሌላ የሳቀ የለም፤ ምክንያቱም ሀስና እየተነሣች ነበር። ቀሚሷን አራገፈች።

«እኔ እዚያ ነበርሁ» አለች። «አይቻለሁ። በርጩማውን ከኢሕሳን እጅ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። አባባ ዝም በይ አሉኝ፣ ዝም አልሁ። ዙልፋ ዓርብ ዕለት ዓይኔን ስታየኝ ልጆቹን ላጥብ ብየ ሸሸሁ።» ወደ እህቷ አልዞረችም። «እኔም አልቀመጥም።»

ዙልፋ የእህቷን ትከሻ በትከሻዋ ነካችው። ይቅርታ ለማለት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ያ ንክኪ በቃቸው።

«አንሱኝ» የሚል ድምፅ ከዋርካው ሥር መጣ።

እማማ ቡርቱካን ከዘራቸውን ወደ መሬት ተክለዋል።

«እማማ፣ ጉልበትዎን…» አለች ሀስና።

«አንሱኝ አልኋችሁ!»

ዙልፋና ሀስና በግራና በቀኝ ይዘው አነሷቸው። አሮጊቷ ክብደት አልነበራቸውም፤ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበሩ። ሲረጋጉ ወደ ልጃቸው አዩ።

«ያን ዕለት ማን መጣ ብየ ስጠይቅ የብርቱካን ደላሎች ናቸው አላችሁኝ። እሺ ብየ ተኛሁ። በሬ ላይ እንግዳ አቁሜ ተኛሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ አብዱልሐሊም።»

«አቤት፣ እናቴ።»

«ያን ወንበር ለልጆቹ ስታሳይ ምን አልሃቸው?»

«አገር የዳኙበት ነው አልኋቸው።»

«እኔ ከዚያ ወንበር እግር ሥር ነው ያደግሁ። አያቴ እላዩ የሚቀመጠው መቼ ነበር? ባለጉዳዩ ከተቀመጠ ወዲያ። ከሳሹም ተከሳሹም፣ ገባሩም ጭሰኛውም። ባለጉዳይ ቆሞ እሱ የተቀመጠበትን ቀን አላየሁ። የኒያን ግንበኞች እንጀራ አጥሩ ሥር ማብላቱ ኃጢአቱ ነው፤ አላህ ይጠይቀው። ጉዳያቸውን ግን አስቀምጦ ሰምቷል። አንተ ከኃጢአቱ ወርሰህ፣ ከደግነቱ ምነው አልወረስህ?»

ሐጂ አብዱልሐሊም ዙሪያቸውን አዩ። ምንጣፉ ላይ የቀሩት እሳቸውና ኡበይደላ ነበሩ። ኡበይደላ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ።

«ይቅርታ ሐጂ። እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ምን ልሁን?»

እናቱ ቆማ ልጅ አይቀመጥም። ሐጂ ይህን ያውቃሉ፤ እናታቸው እንደሚያውቁትም ያውቃሉ። የአሮጊቷ ጉልበት ከቀሚሳቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ ከዙልፋ ክንድ አልፎ ይሰማታል። አባቷ በግማሽ የተላጠውን ብርቱካን ይዘው ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰሏት። አዘነችላቸው። ማዘኗ ግን ከቦታዋ አላነቃነቃትም። ማዘንና መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ተቀመጡ» አሉ ሐጂ፣ ለምንጣፉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሁላችሁም ተቀመጡ አልሁ።»

«እሰማለሁ ማለትዎ ነው?» አለች ዙልፋ።

አባቷ ቀና አሉ። ከሷ አልፈው፣ አሥር ርምጃ ርቆ ወደ ቆመው ሰው አዩ፤ ኖራ የነካውን እጁን፣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ።

«ሐሙስ ይምጡ» አሉ። «እሰማለሁ ነው ያልሁት። እሺ አላልሁም።»

«እሺታውን ሐሙስ እንነጋገርበታለን» አለች ዙልፋ። «እኔም እቤት ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ባይሰጠኝም እቤት ነኝ። ወንበሩን የማወጣው ራሴ ነኝ።»

«ለሽማግሌው መደገፊያ ያለውን አውጪ» አሉ እማማ ቡርቱካን፣ እየተቀመጡ። «አሁን ሻይ ስጡኝ፤ አደከማችሁኝ።»

ቤተሰቡ ተቀመጠ። ሳህን ተንኳኳ፤ ናስር ለስላሳው መቼ እንደሚመጣ ጠየቀ፤ ኡበይደላ «እኔ እገዛልሃለሁ፣ ወንድሜ፤ ዛሬ ሌላ የሚሳካልኝ ነገር የለም» አለው። ሂሻም አንገቱን ሰበር አድርጎ ለሐጂ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ ዞሮ ምሳው የተቋጠረበት ፌስታል ወደተንጠለጠለበት አጥር መሄድ ጀመረ።

ዙልፋ አየችው። የእናቱ አያት የሄዱበትን ያንኑ መንገድ ነበር የሚሄደው፤ እግሩ ሳያስበው።

«ወዴት ነው?» አለችው።

ቆመ። እጁን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ ሐጂን አየ። ሐጂ ብርቱካናቸውን መላጥ ቀጥለዋል፤ ና አላሉም፣ ሂድም አላሉም። ዙልፋ ተጠግታ በጎኗ ቦታ ለቀቀች። ከዚህ በላይ የምትለው አልነበራትም። ለመለመን አልተፈጠረችም።

ኢሕሳን አፏን በሳምቡሳ እንደሞላች ብድግ አለች። የምንጣፉን አራት ጫፍ እየዞረች ገለጠች፣ ከሥሩ አየች፣ ዋርካውንም ዞራ አየች። ከዚያ ወደ ሂሻም ጮኸች።

«ና ተቀመጥ! እዚህ ምንም አልተጻፈም!»

መጣ። ጫማውን አወለቀ። ኖራ ያለበት ጉልበቱ ከዙልፋ ጉልበት አንድ ስንዝር ርቆ ዐረፈ።

ዙልፋ ሳህኗን በመሀላቸው አስቀመጠች። ደስታ ነው ለማለት አልደፈረችም፤ ገና ሐሙስ አለ፣ ከሐሙስም በኋላ ገበያው፣ ዘመዱ፣ የአገሩ አፍ አለ። ግን ሐጂ የላጡትን ብርቱካን ለሁለት ከፍለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ግማሹን በሷና በሂሻም መሀል ባለው ሳህን ላይ አስቀመጡት። ዙልፋ አነሣችው። እጇ ላይ ሞቃት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የጠላችውን ሐሙስ፣ አሁን ናፈቀችው።